ይኸው ብቻ ነው?

ዳባት ላይ ወደ ደባርቅ የሚወጣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ጋዜጣ ዘርግቻለሁ። ጋቢ የተከናነቡ አንድ አዛውንት አጠገቤ አረፍ አሉና፣ «ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ ስለ መንገድ ሥራው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ኳሱ ሳይቀር። የማዳበሪያ ዋጋ ጨመረ ከሚለው ዜና ስደርስ ግን ዘለልኩት። ገበሬ ናቸው፤ በዚያ ብርድ ላይ ይህን ልጨምርባቸው? «ይኸው ብቻ ነው?» አሉኝ ስጨርስ። «ይኸው ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

ዓመታት አልፈዋል፤ መልሴ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለ አገራችን ጋዜጣ ጅማሬ ባነበብኩ ቁጥርም ትዝ ይለኛል። ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ በ1890ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «አእምሮ»ን ሲጀምር በእጅ የሚጻፍ ነበር፤ ቅጂውም 24 ብቻ። ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው ይባላል። ኋላ በማባዣ መሣሪያ እስከ 200 ደረሰ። እንግዲህ ለ24 ሰው የተጻፈ ነገር ጋዜጣ ይባላል ወይ? እኔ ይባላል ባይ ነኝ፤ አንዱ ሲያነብ ዐሥሩ ይሰማላ! ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ወረቀቱን የያዘ ሰው የጎደለ ነገር ካለ አዘጋጁን ሊሞግት ይችላል። ሰሚው ግን አንባቢው የዘለለበትን በምን ያውቃል?

በዚያው ዘመን በኢስታንቡል፣ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ አገዛዝ፣ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። በሐምሌ 1900 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ እንደገና ሲታወጅ አሳታሚዎቹ ጽሑፋቸውን ለሳንሱር አናሳይም ብለው ጋዜጣቸውን አወጡ። አስተማሪ ሳለሁ ይህን ለተማሪዎቼ ስተርክ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ሳንሱር ማለት ለእኔ ቀይ እርሳስ የጨበጠ ሹም ነበርና። ዳባት ላይ ግን ሹም አልነበረም። የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም አዝኜ።

ሐዘኔታዬ የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ሰውዬው ዋጋውን አስቀድመው ቢሰሙ ምናልባት አንድ በግ ይሸጡ ነበር፤ ምናልባትም ከዕዳ ይድኑ ነበር። ምናልባት ደግሞ ተናደው ዝም ይሉ ይሆናል። ምን እንደሚያደርጉ መምረጥ የእሳቸው ድርሻ ሆኖ ሳለ እኔ መረጥኩላቸው።

አውቶቡሱ ሲመጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መረቁኝ። ጋዜጣውን ለመጠቅለያ ይሆናቸዋል ብዬ ሰጠኋቸው። ቤታቸው ፊደል የቆጠረ ልጅ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም።