የታናሹ ፊርማ

ታዝዞ የሠራ ሰው ስለ ሠራው ሥራ ይጠየቃልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ወታደሩም ጸሓፊውም በየዘመናቸው ጠይቀውታል። እኛ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ግን ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ከሚመኙት አንድ የሥራ ቦታ ጋር በማያያዝ ነው፤ ይኸውም በትልልቅ የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራው የተለማማጅነት ሥራ ነው።

አስቀድመን የሥራውን ጠባይ እንመልከት። በዓለም የታወቁት አራቱ ድርጅቶች፣ ማለትም ዴሎይት፣ ፒደብልዩሲ፣ ኤርንስት ኤንድ ያንግና ኬፒኤምጂ፣ ከላይ ጠበው ከታች የሰፉ ናቸው። በላይ በድርጅቱ ስም ሪፖርት የሚፈርሙ ጥቂት ሸሪኮች፣ በመካከል ሥራውን የሚመሩ ኀላፊዎች፣ ከታች ደግሞ ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ ብዙ ወጣቶች ይገኛሉ። በእንግሊዝ አገር ተለማማጁ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል ውል ገብቶ፣ እየሠራ ለሙያው ፈተና ያጠናል። ደረሰኝን ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክር፣ በመጋዘን ቆሞ ከረጢትና ሣጥን ሲቈጠር የሚመለከት፣ ከባንክ የሚላከውን ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚከታተል እርሱ ነው። የሠራውን በየወረቀቱ ያሰፍራል፤ አጭር ፊርማውን፣ ከጐኑም ቀኑን ያኖራል። ከበላዩ ያለው ያንን ያያል፤ ከዚያም በላይ ያለው የታየውን ያያል።

እንግዲህ በመጨረሻ ሪፖርቱን የሚፈርመው ሸሪክ ከረጢቶቹን አልቈጠረም ማለት ነው። የፈረመው በታናሹ ቃል ተማምኖ ነው። ባንኩ፣ ባለ አክሲዮኑ፣ የጡረታ ገንዘቡን በኩባንያው ያስቀመጠው ሽማግሌ፣ ሁሉም ስሙን በማያውቁት በአንድ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት እጅ ላይ ተደግፈዋል። «እኔ ትንሽ ሰው ነኝ» የሚለው ቃል በደመወዝ ረገድ እውነት ነው፤ በሥራው ረገድ ግን እውነትነቱ ግማሽ ነው።

አንድ የታወቀ ጉዳይ እንጥቀስ። ካሪሊየን የተባለው የእንግሊዝ የግንባታና የአገልግሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2018 ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ተሸክሞ ወደቀ፤ በልዩ ልዩ አገሮች 43 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ሒሳቡን ይመረምር የነበረው ኬፒኤምጂ ነው። ከውድቀቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ የሙያው ተቈጣጣሪ ባለ ሥልጣን የምርመራውን ጥራት ለመፈተሽ መዝገቡን አስቀርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ የቡድኑ አባላት ቀድሞ ያልነበሩ ቃለ ጉባኤዎችን አዘጋጅተው፣ በወቅቱ የተጻፉ አስመስለው አቀረቡ። በኋላ ድርጅቱ ራሱ ነገሩን ደርሶበት ለተቈጣጣሪው አስታወቀ። በ2022 የዲሲፕሊን ችሎቱ ስለዚህና ስለ አንድ ሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ድርጅቱን 14.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ፤ የቡድኑ መሪ የነበረው ሸሪክም 250,000 ፓውንድ እንዲከፍልና ለ10 ዓመት ከሙያ ማኅበሩ እንዲገለል ወሰነ።

ከተከሳሾቹ መካከል ግን በቡድኑ ውስጥ ከሁሉ ታናሽ የሆነ አንድ ወጣት ነበረ። መከላከያውም አለቆቹ ያዘዙትን መፈጸሙ ነበር። ችሎቱ ነፃ አላወጣውም፤ ገንዘብም አላስከፈለውም፤ በከባድ ተግሣጽ አለፈው።

ይህን ፍርድ አንዳንዱ ለስላሳ ነው ይል ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ያን ወጣት መንካት አልነበረባቸውም ይላል። እኛ ግን ትክክል መስሎ ይታየናል። ካቴኪስቶች ዘወትር እንደሚያስረዱት፣ የጥፋት ክብደት በድርጊቱ ብቻ አይመዘንም፤ የሠሪው ዕውቀትና የፈቃዱ ነፃነትም አብረው ይመዘናሉ። የወጣቱ ዕውቀት ጐደሎ ነበር፤ ፈቃዱም በፍርሃት ተከብቦ ነበር። ቢሆንም ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ አድርጎ መጻፍ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሦስት ዓመት ሥልጠና አያሻም።

እኛ አገርም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ልጅ አለቃውን «ይህ ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ጠብቆልናል፤ በቢሮ ውስጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ለሐሰት መጠለያ ይሆናል።

ያም ሆኖ ትልቁ ዕዳ የአዛዡ ነው። ተለማማጅ ሙያን የሚማረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የአለቃው እጅ የሠራውን እያየ ነው። በሐሰት እንዲጽፍ ያዘዘው ሰው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አላበላሸም፤ ሐሰትንም እንደ ሙያው ክፍል አድርጎ አስተምሮታል። እዚያው በ2022 በአሜሪካ ኤርንስት ኤንድ ያንግ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፤ ምክንያቱም ብዙ ሠራተኞቹ ለፈተና መልስ ሲቀባበሉ በመገኘታቸው ነው። ፈተናውም፣ የሚያስቅ ቢሆን በሳቅን ነበር፣ የሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ይገኝበታል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ፤ በወረቀቱ ጥግ ወደሚጻፈው ቀን ማለታችን ነው። ዘግይቶ የተሠራ ወረቀት የተሠራበት እውነተኛ ቀን ቢጻፍበት ቸልተኝነትን ያሳያል እንጂ ወንጀል አይሆንም። ያው ወረቀት፣ ያው ቃል፣ የሐሰት ቀን ሲጻፍበት ማታለል ይሆናል። ስለዚህ ታናሹ አለቃውን መስደብ ወይም በር ወርውሮ መውጣት አያስፈልገውም፤ በአክብሮት «ጌታዬ፣ እሠራዋለሁ፤ የምጽፍበት ግን የዛሬን ቀን ነው» ማለት ይበቃዋል። ብዙ አለቆች ይህን ሲሰሙ ትእዛዛቸውን ያስተካክላሉ ብለን እንገምታለን። ሁሉም አያደርጉትም።

እንግዲህ አንዱ ልጅ ይህን በመናገሩ ውሉ ተቋርጦ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ይመጣ ይሆናል። በዚያ ቤት ደመወዙን የምትጠብቅ እናት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቁ ታናናሾች አሉ። ልጁ ገና ቢሮ ሳይገባ፣ በዚያ ቀን በሩን እንዴት አድርገው እንደሚከፍቱለት ወላጆቹ አስቀድመው ሊነጋገሩበት ይገባል።