ለሕዝብ እንደራሴ ስለሚከፈል ጉዞ

ስጦታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ይባላል፤ ለወዳጅ የሚሰጠው የፍቅር መግለጫ ይባላል፤ በሹም ፊት የሚቀርበው ግን፥ ሰጪው ምንም ዓይነት ስም ቢያወጣለት፥ ከጥያቄ አይድንም። ምነው ቢሉ፥ ሹም በእጁ የያዘው ሥልጣን የሕዝብ አደራ እንጂ የራሱ ገንዘብ ስላልሆነ ነው።

በዘመናችን እጅ መንሻ በወርቅና በሙክት ብቻ አይመጣም፤ በአውሮፕላን ትኬት፥ በሆቴል ማደሪያና በግብዣ ማዕድም ይመጣል። ለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት ታሪክ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ጃክ አብራሞፍ የተባለ፥ የባለጉዳዮችን ነገር በምክር ቤቱ ዘንድ ለማስፈጸም ገንዘብ የሚቀበል ሰው፥ የኦሃዮውን እንደራሴ ቦብ ኔይን ከሠራተኞቻቸው ጋር ለጎልፍ ጨዋታ ወደ ስኮትላንድ ይዟቸው ሄደ። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ሁለቱም በ2006 ዓ.ም. ጥፋታቸውን አመኑ፤ እንደራሴውም በ2007 ዓ.ም. የ30 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

በዚያው በ2007 ዓ.ም. ሥርዓቱ ጠበቀ። ዛሬ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ወይም ሠራተኛው፥ ለሥራ ይጠቅማል ተብሎ የግል ድርጅት በሚከፍልለት ጉዞ ለመሄድ ሲሻ፥ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ያስፈቅዳል። ከተመለሰ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ማን እንደ ከፈለለት፥ ወዴትና ስለ ምን እንደ ሄደ፥ ለመጓጓዣ፥ ለማደሪያና ለምግብ ስንት እንደ ወጣ ጽፎ ያስታውቃል። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቀኑ 30 ነው። የተጻፈውንም ማንም ዜጋ ሊያነበው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጌታችን ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ አስተምሮ የለምን? ስለ ምን ስጦታ በአደባባይ ይገለጥ ይባላል? መልሱ እንዲህ ነው፤ ያ ትምህርት የራሱን ገንዘብ ለሚሰጥ፥ ምላሽም ለማይጠብቅ ሰው የተነገረ ነው። የሚሰወረውም የሰጪው ምስጋና ነው። የሹም ስጦታ ሲሰወር ግን የሚሸሸገው የተቀባዩ ዕዳ ነው። ምጽዋት ቢሰወር የሚጎዳ የለም፤ የሹም ውለታ ሲሰወር ግን አደራ የሰጠው ሕዝብ ይጎዳል።

ሁለተኛም፥ ይህ ሥርዓት ቅን ሰውን መጠራጠር አይሆንምን የሚል ይኖራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስወስድ ሌሎች ታማኞች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ይህን ያደረገው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት ነው። ሐዋርያው ያልናቀውን ጥንቃቄ እንደራሴ እንደ ስድብ ሊቈጥረው አይገባም።

ሠራተኛውስ ስለ ምን ተጨመረ ቢሉ፥ ሕጉን የሚያረቅ፥ ባለጉዳዩንም የሚያስገባና የሚመልስ ብዙ ጊዜ እርሱ ስለ ሆነ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ የንዕማንን እጅ መንሻ አልቀበልም ሲል ሎሌው ግያዝ በስውር ተከትሎ ብርና ልብስ ተቀበለ። ጌታው ከወዴት እንደ መጣ ቢጠይቀው ወዴትም እንዳልሄደ ተናገረ። መቀበሉ አንድ በደል፥ መንገዱን መካዱ ሁለተኛ በደል ሆነበት።

ይሁን እንጂ ማስታወቅ ስጦታን አይቀድሰውም። የተመዘገበም ግብዣ ልብን ሊያዘነብል ይችላል፤ ሙሴ እጅ መንሻ የጠቢባንን ዓይን እንደሚያሳውር የተናገረው ስለ ስውሩ ብቻ አይደለም። መዝገቡ የሚሰጠው ጥቅም የሚፈርደው ሕዝብ እንዲያይ ማድረግ ነው። ለማየትም መንገዱ ቅርብ መሆን አለበት። በ2014 ዓ.ም. የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፥ ከጉዞ በኋላ የሚቀርበው ጽሑፍ እንዳለ ሆኖ፥ ጉዞው በዓመታዊው የሀብት መግለጫ ላይ ዳግመኛ መጻፉን አስቀርቶ ነበር። ወቀሳው ቢበዛበት በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ አጸናው። ሕዝቡ ብርሃን ሲቀነስበት ዝም አላለም።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የእንደራሴነት ወንበር ባይኖረንም የደብር ገንዘብ፥ የማኅበር ሣጥን ወይም የድኻ አደግ ንብረት የተሰጠን ብዙዎች ነን። ስጦታ ሲቀርብልን፥ ሰጪው ማን እንደ ሆነና ከእኛ የሚሻው ምን እንደ ሆነ በጉባኤ ፊት ቢነበብ እናፍር እንደ ሆነ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። የምናፍርበት ከሆነ እጃችንን እንሰብስብ፤ የማናፍርበት ከሆነ ደግሞ በመዝገብ ለማስፈር አንዘግይ።