ለቪዛ ተብሎ የተጨመረ ዕድሜ፣ ዕዳው የማን ነው?

 

ዛሬ የማነሣው ነገር ሁላችንም የምናውቀው ግን ብዙ የማናወራው ነው። አዲስ ልጅ መጥታ ስንተዋወቅ «ስምሽ ማነው?» ስንላት «የቤቱን ነው የፓስፖርቱን?» ትለናለች፤ እንስቃለን። ዕድሜዋን ስንጠይቃት ደግሞ «ፓስፖርቴ ላይ ሃያ አምስት ነው» ብላ ዝም ትላለች። ፊቷን አይቶ ሃያ አምስት የሚላት ሰው ግን የለም። እዚህ ላይ ሳቃችን ያልቃል። ጥያቄዬም ከዚህ የተነሣ ነው። አንዲት ልጅ ቪዛ ለማግኘት ብላ ዕድሜዋን ብትጨምር ወይ ስሟን ብትቀይር ዋሽታለች ወይ? ከተዋሸስ የውሸቱ ዕዳ የማን ነው?

መጀመሪያ ቪዛው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ወደዚህ አገር ለቤት ሥራ ለመግባት ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ቪዛውን የሚያወጣ አሠሪ ያስፈልጋል፣ የጤና ምርመራና ኮንትራት ያስፈልጋል። ከደረስን በኋላም እንደገና ምርመራ፣ አሻራና መታወቂያ አለ። ዕድሜን በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣም፣ በ2022 በአዲስ ሲተካም ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው መቅጠር ከልክሏል። የእኛም አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ማለትም በ2008 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 923፣ የሚለው ያንኑ 18 ዓመት ነው። ሁለት መንግሥት በአንድ ቃል የተናገረበት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ስምን በሚመለከት ግን «ስምሽን ቀይሪ» ያለ ሕግ የለም። «የክርስቲያን ስም ከያዝሽ ቪዛ አይወጣልሽም» የሚለው የደላላ ቃል እንጂ የጀዋዛት ቃል አይደለም። አንዳንድ አሠሪ የእስላም ስም ያላትን ሊመርጥ ይችላል፤ ምርጫ ግን ሕግ አይደለም። እስቲ ፊሊፒኖዎቹን እዩ። ማሪያ ተብለው ይገባሉ፣ ማሪያ ተብለው ይሠራሉ፣ ማሪያ ተብለው ይወጣሉ። ሙስሊም እህቶቻችንም ሃይማኖታቸው ለቪዛ ማሟያ ሲውል ደስ አይላቸውም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። መልአክ ያወጣውን ስም ደላላ በአንድ ቀን ይሽረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በየቀበሌው በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከገጠር የተወለድነው ልደታችን የሚታወቀው «በድርቁ ዓመት» ወይም «የእከሌ ሠርግ በሆነ በሁለተኛው ክረምት» እየተባለ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት ላይ የተጻፈው ቀን ከእናት አፍ ከሚሰማው ቢለይ ሁሉም ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ያላወቁትን መገመት ሌላ ነው፣ ያወቁትን መለወጥ ሌላ ነው። ልጅቷ አሥራ ስድስት መሆኗን እናት እያወቀች፣ አባት እያወቀ፣ ጎረቤት እያወቀ ሃያ ሦስት ተብሎ ሲጻፍ ግምት ነው ልንል አንችልም።

ይህን የሚከላከሉ ሰዎች የሚሉትን ላቃልለው አልፈልግም። አንዷ እህታችን እንዲህ አለችኝ፦ «ሕጉን ያወጡት የጠገቡ ሰዎች ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የቸገራት ደግሞ ዕድሜ ትጨምራለች።» እውነት አላት። የስምንተኛ ክፍልን ጉዳይ ውሰዱ። የ2008ቱ አዋጅ ከአገር የምትወጣ ሠራተኛ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ትሁን ብሎ ነበር። ልጅቷ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው ስለቸገራት ነው፤ ልትሄድ የፈለገችውም ስለቸገራት ነው፤ ከዚያ «አልተማርሽምና አትሄጂም» ተባለች። ከዚያም በፊት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ጭራሹን አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ዘግቶት ቆይቷል። ሰው ግን መሄዱን አልተወም። አንዱ በጉብኝት ቪዛ በቦሌ፣ ሌላው በሱዳን፣ ሌላው በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ የመን ሄደ። ክልከላ ብቻውን ረሃብን አያቆምም። ስለዚህ ከማጣት የተነሣ ወረቀት ያስተካከለችን ልጅ ሌባ ወይም ወንጀለኛ ብሎ ለመስደብ አፌ አይከፈትም።

ግን እህቶቼ፣ ውሸትን ስንመዝን «እውነት ነው ሐሰት?» ብለን ብቻ ማቆም የለብንም። «ማን ይጠቀምበታል? ማንስ ይሸከመዋል?» ብለንም መጠየቅ አለብን። ዕድሜ ሲጨመር ደላላው ገንዘቡን ይቀበላል። ማኅተም የመታው ሰው ድርሻውን ያገኛል። መክተቡ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ማዳም ሠራተኛ ታገኛለች። ችግር በመጣ ቀን ግን ከነዚህ አንዱም የለም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፎቶ የልጅቷ ነው፣ ፊርማው የልጅቷ ነው። ሌሎች የዋሹትን ውሸት እሷ ብቻዋን ትመልሳለች።

ይህን ለማስረዳት የአንዲት የስሪላንካ ልጅ ታሪክ ይበቃል። ሪዛና ናፊክ ትባላለች፣ ሙቱር ከምትባል የድሆች መንደር የወጣች ናት። የልደት ወረቀቷ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው ይላል፤ ፓስፖርቷ ግን በ1982 ይላል። በ2005 ሳዑዲ ስትገባ በእናቷ ቁጥር 17፣ በፓስፖርቷ ቁጥር 23 ዓመቷ ነበር። ገብታ ወር ሳይሞላት አንድ የአራት ወር ሕፃን በእጇ ላይ ሞተ። እሷ ጡጦ ስታጠባው ትን ብሎት ነው አለች፤ ቤተሰቡ ገደለችው አለ። ሲመረምሯት ጠበቃ አልነበራትም። ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብት ስምምነት፣ ሳዑዲም የፈረመችው፣ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በተፈጸመ ነገር ሰው በሞት አይቀጣም ይላል። ያ ሕግ ሊያድናት ይችል ነበር። ግን ሕጉ የሚያውቃት በወረቀቷ ነው፣ ወረቀቷ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት ብሎ መሰከረባት። በ2007 ተፈረደባት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2013 ዳዋድሚ በሚባል ከተማ በሰይፍ ተገደለች። ስድስቱን ዓመት የጨመረላት ደላላ ያን ጊዜ አጠገቧ አልነበረም።

ይህ የመጨረሻው ክፉ ነው፤ የሁላችንም ዕጣ አይደለም፤ ላስፈራራችሁም አልፈልግም። ግን ትንንሹን ደግሞ እዩት። ጓደኛችሁ ድንገት ስልኳ ቢጠፋ፣ ሆስፒታል ገባች ወይ ታሰረች ቢባል፣ አቡ ዳቢ ኤምባሲያችን ሄዳችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የፓስፖርት ስሟን ነው። እናንተ የምታውቋት ጽጌ ብላችሁ ነው። አብረን እንጀራ የበላናትን ልጅ በየትኛው ስም እንፈልጋት? አንዷ ብትሞትስ፣ አስከሬኗ የሚላከው እናቷ በማታውቀው ስም ነው። አገር ገብታ ትምህርቷን ልቀጥል ብትልም የትምህርት ቤት ወረቀቷ አንድ ስም፣ ፓስፖርቷ ሌላ ስም ይላል። በሌላ ስም ተመልሼ እገባለሁ የምትልም አለች፤ ይህ አገር ግን ያባረራቸውን ሰዎች በዓይን ምርመራ መለየት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስምና ዕድሜ ይቀየራል፣ ዓይን ግን አይቀየርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው በኤርፖርትም ይሠራል።

ነገሩ እኔንም ቤቴ ድረስ መጥቶብኛል። ታናሽ እህቴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ደቡብ ወሎ እናቴ ጋ ነው ያለችው። ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ ቤት ድረስ መጥቶ «ሃያ ሦስት አድርጌ አወጣላታለሁ» አላቸው። እናቴ ደውላ ገንዘብ ላኪ አለችኝ። ለዚህ አልልክም አልኳት። «አንቺ ለራስሽ ሄደሽ፣ እሷ ላይ በር ትዘጊባታለሽ?» አለችኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዕድሜዬ ደርሶ ነው የመጣሁት፤ ግን ይሄ መልስ ለእናት መልስ አይሆንም። ሁለት ወር ስልኬን አላነሣችም። አሁን የምልከው ለደብተርና ለዩኒፎርም ነው፣ እህቴም አኩርፋኛለች። ልክ ነሽ ያለኝ ሰው የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከልክያት ነገ በባሕር ብትሄድስ? ወይ ለማታውቀው ሰው ቢድሯትስ? ለዚህ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ከማታውቀው ሰው ቤት፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በር ተዘግቶባት፣ አራት ልጅ አሳድጊ ስትባል ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን፤ እናቶቻችን አያውቁም። ደላላው የሚነግራቸውን ነው የሚያውቁት። እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

«እኔም በተጨመረ ዕድሜ ነው የመጣሁት፣ በምን አፌ ልከልክል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ደግሞ በእናንተ አፍ ነው የሚያምረው እላለሁ። ጉድጓዱን የሚያሳየው ያለፈበት ሰው ነው። እናንተ በአሥራ አምስት በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ አልዋሻችሁም፤ ተዋሸባችሁ። ትልልቆቹ ሰዎች ተስማምተው የጻፉትን ቁጥር ልጅ አትጠየቅበትም። ዛሬ ግን እኛ ትልልቆቹ ሆነናል። ለታናናሾቻችን የሚጻፈው ቁጥር የሚከፈለው ከኛ ደሞዝ ነው። ያን ጊዜ ሌላው የዋሸው ውሸት፣ አሁን ገንዘቡን ከላክን የኛ ይሆናል። ለዚህ ነው ዕዳው የማን ነው ብዬ የጠየቅኩት።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? ዕድሜዋ የደረሰች እህት ካለቻችሁ በገዛ ስሟ ትምጣ። በ2008ቱ አዋጅ የቪዛው ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ የአሠሪው ወጪ ነው፤ የሷ ወጪ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ያለው ነው። የዚህም አገር ሕግ መክተብ ከሠራተኛ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፣ ፓስፖርቷንም ራሷ እንድትይዝ መብት ይሰጣታል። «ለቪዛው ይሄን ያህል አምጪ» ያላት ሰው ከመጀመሪያው እየዋሻት ነው። ያልደረሰች ካለቻችሁ ደግሞ ጠብቁ አስጠብቁ፤ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ግን ያልፋል።

ስማችሁ የተለወጠ እህቶች ደግሞ አትፈሩ፤ እኛ አንፈርድባችሁም። ባይሆን በአንዲት ወረቀት ላይ የቤት ስማችሁን፣ የፓስፖርት ስማችሁን፣ የፓስፖርት ቁጥራችሁንና የቤተሰባችሁን ስልክ ጽፋችሁ ለምታምኗት አንድ ጓደኛ ስጡ። ክፉ ቀን ቢመጣ የምንፈልጋችሁ በዚያች ወረቀት ነው።

በዚህ የማትስማሙ፣ በተለይ «ከልክለሽስ ምን ታበያታለሽ?» የምትሉኝ፣ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበት። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።