ከቀዶ ሕክምናው በፊት እውነቱን ማን ይንገራት?



በአዳማም ሆነ በሞጆ፥ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ፥ አንዲት እናት በጡት ካንሰር ምክንያት ለቀዶ ሕክምና ስትዘጋጅ ቤተ ሰቡ ብዙ ጊዜ «እርሷ አትስማ» ብሎ ይስማማል። የሐኪሙን ቃል ባል ወይም ታላቅ ልጅ ይቀበላል፤ ለእርሷ ግን «ትንሽ እብጠት ናት፥ ትወጣልሻለች» ይባላል። ይህ የሚደረገው ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን የሚቈረጠው አካል የእርሷ ሆኖ ሳለ፥ ሳታውቅ እንዲቈረጥ ማድረግ ርኅራኄ ሊባል ይችላልን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 ባደረጉት ንግግር፥ ሐኪም በሕመምተኛው ላይ ያለው ሥልጣን ሕመምተኛው ራሱ የሚሰጠው ብቻ እንደ ሆነ አስተምረዋል። ሕመምተኛዋ ማሰብና መወሰን እስከቻለች ድረስ ይህን ሥልጣን ባልም ልጅም ሊወስድባት አይገባም።

ማወቋ ለሕክምናውም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢጣልያና በአሜሪካ የወጡ፥ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተሉ ሁለት ጥናቶች፥ በሽታው በጊዜ ሲደረስበት እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ዕድሜን በማቆየት ረገድ ሙሉ ጡትን ከማውጣት እንደማያንስ አሳይተዋል። በአገራችን ግን ብዙ ሴቶች ዘግይተው ይመጣሉ፤ የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሙሉ ጡትን ማውጣት የተለመደ ሆነ። ምን እንደሚወጣ፥ ለምን እንደሚወጣ፥ ቀጥሎ ምን መድኃኒት እንደሚኖር መጠየቅ የሚገባት እርሷ ናት። ካልተነገራት፥ ማደንዘዣው ሲለቃት እጇ በፋሻው ላይ ሲያርፍ እውነቱን ብቻዋን ታገኘዋለች። ለወራት የሚቀጥለው ሕክምና መታመንን በሚጠይቅበት ጊዜም የቅርብ ሰዎቿን ማመን ይከብዳታል።

«ብትሰማ ተስፋ ትቈርጣለች» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የመርዶ ሥርዓታችንን እንመልከት። መርዶ አይደበቅም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ሰዓት ተመርጦ፥ የሚያቅፍ ሰው በአጠገብ ሳለ ይነገራል። እንግዲህ ባህላችን የሚሸሸው እውነትን ሳይሆን ብቸኝነትን ነው። ለሞት ዜና እንዲህ ከተጠነቀቅን፥ ለመዳን ለምትታገል እኅት አብልጠን ልንጠነቀቅ ይገባናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ምሥጢረ ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1515 ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት መቀበሉ ተገቢ እንደ ሆነ ይናገራል። እውነቱ የተሰወረባት እናት ግን ካህኑን ስታይ ትደነግጣለች፤ የተነገራት ግን በጸሎት ትቀበለዋለች።

ስለዚህ አስቀድመን ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ እርሷኑ እንጠይቃት፤ «ለልጄ ንገሩ» ካለችም ውሳኔዋ ይከበር። በቀዶ ሕክምናው ቀን ደግሞ እስከ በሩ አብረናት እንሂድ፤ እስክትነቃም እንጠብቃት።