የኪዳን ምልክት ወይስ የወሰን ምልክት?

ስለ ኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ከሚነገሩት ሐተታዎች መካከል በምእመናን ዘንድ ሥር የሰደደው፣ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ከተሰጠው ቀስተ ደመና ጋር የሚያያይዘው ነው። ሐተታው ለላስታና ለግዳን ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በክረምት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ ከግዳኗ ሙጃ በስተምሥራቅ ባለው ሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ቀስት ሕዝቡ የማርያም መቀነት ይለዋል፣ የእነዚያኑ ቀለሞች ጨርቅም በንግሥ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ይሰቅለዋል። ይሁን እንጂ ሐተታውን እስከ መጨረሻው ለተከተለው ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ለፍጥረት ሁሉ የተሰጠ የኪዳን ምልክት አንድን ሕዝብ ከጎረቤቱ የሚለይ የወሰን ምልክት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እንደተጻፈው ኪዳኑ የተገባው ለኖኅና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ከመርከብ ለወጣው ሕያው ነፍስ ሁሉ፣ ለአዕዋፍና ለእንስሳት ጭምር ስለሆነ፣ ምልክቱ ከውጭ የሚያስቀረው ወገን የለም። ሰንደቅ ዓላማ ግን በተቃራኒው በመለየት ይሠራል፤ በጦር ሜዳ ወገንን ከጠላት፣ በባሕር ላይ የአንዱን አገር መርከብ ከሌላው ለመለየት የተበጀ ነውና፣ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ሥራው ይጎድላል። እንግዲህ ቀለሞቹ በእርግጥ የኖኅ ከሆኑ የኢትዮጵያ ብቻ ሊሆኑ አይችሉም፤ የኢትዮጵያ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ምንጭ ሊፈለግላቸው ይገባል።

ታሪኩ ከሐተታው ይልቅ አጭር ነው። ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ጨርቅ ላይ ተጋጥመው የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዩ ከላይ የተደረገባቸው ሰንደቆች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚውለበለበው ጨርቅ ከአለቱ ጋር ሲነጻጸር ትናንት የመጣ ነው፤ የዛጉዌ ነገሥታት አያውቁትም። ከዚህም በላይ፣ በሰማዩ ቀስት ላይ ቀዩ ከውጭ፣ አረንጓዴው ወደ ውስጥ ስለሚሆን፣ ለቀስተ ደመናው የሚቀርበው የጥንቱ፣ ቀይ ከላይ የነበረው ሰንደቅ ነው፤ አረንጓዴው ከላይ የሆነበት የዛሬው አቀማመጥ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ቀስት በላይ ደብዝዞ በሚታየው፣ ቀለሞቹ በተገለበጡበት በሁለተኛው ቀስት ላይ ነው። ይህን ማንሣት ሐተታውን ለማፍረስ አይደለም። አንድምታ፣ ማለትም አንዱን ቃል "አንድም" እያለ በብዙ መንገድ የሚፈታው የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ስልት፣ ትርጉሙን ከነገሩ አመጣጥ የመቅዳት ግዴታ የለበትም፤ ኋላ የመጣ ትርጉምም ሥር ሊሰድ ይችላል።

የጎረቤት አገሮች ሰንደቆች ደግሞ የመለየትን ሥራ ጫፍ ድረስ ወስደው ያሳያሉ። በ1947 ዓ.ም. መሐመድ አዋሌ ሊባን የነደፈው የሶማልያ ሰንደቅ ዓላማ ከተባበሩት መንግሥታት የተወሰደውን ሰማያዊ መደብ ይዞ፣ በመካከሉ ባለ አምስት ጫፍ ነጭ ኮከብ አለው፤ ጫፎቹም ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ያመለክታሉ፣ ከእነርሱም አንዱ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ኦጋዴን፣ ሌላው የሰሜን ኬንያ ምድር ነበር። በዚህም የአንዱ አገር ሰንደቅ የጎረቤቱን መሬት በራሱ ላይ ጽፎ ይውለበለብ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትም የዚያን ጫፍ ጥያቄ በመድፍ ያቀረበ ነው። በዚያው ዓመት ሦስተኛዋ ጫፍ ጅቡቲ ነጻ ወጥታ የራሷን ሰንደቅ ስትሰቅል፣ ሰማያዊውን ለሶማሌዎቹ ኢሳዎች፣ አረንጓዴውን ለአፋሮች ሰጥታ ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አገናኘች፤ የሶማልያ ኮከብ ግን ዛሬም አምስት ጫፍ አለው።

የኤርትራ ነገር ከዚህ የበለጠ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የተሰጣት ሰንደቅ በሰማያዊ መደብ ላይ አረንጓዴ የወይራ ጉንጉን ነበረው፤ በ1951 ዓ.ም. ግን ወርዶ የኢትዮጵያው ብቻ እንዲውለበለብ ተደረገ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። ያ የወይራ ጉንጉን ከ1985 ዓ.ም. ነጻነት ጋር ቢጫ ሆኖ በአዲሱ ሰንደቅ ላይ ተመለሰ፤ ምልክትን ከእንጨቱ ማውረድ ከሰው ልብ ማውረድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በአካባቢው አይገኝም።

ቀለሞቹ ከወሰን ሲያልፉ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ቲዮዶዥያ ኦኮ የነደፈችው ሰንደቅ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴን ይዞ መጣ፣ ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋልም ተከተሉ፤ በቅኝ ግዛት ላልወደቀችው አገር ክብር የተወሰዱት ቀለሞች የብዙዎች ሆኑ። ኢትዮጵያም አልተቀየመችም፤ አንድን ምልክት ብዙዎች ሲጋሩት ክብሩ እንደሚጨምር እንጂ እንደማይቀንስ ያን ጊዜ የተረዳች ይመስላል። የመለየት ጥያቄው በኋላ የተነሣው በራሷ ልጆች መካከል ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 በሰንደቁ መካከል ያለው ዓርማ የብሔር፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና የሃይማኖቶችን በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ እንዲያንጸባርቅ ደነገገ፤ በ1988 ዓ.ም. በሰማያዊ ክብ ውስጥ ቢጫ ኮከብ ተቀመጠ፤ የ2001 ዓ.ም. አዋጅም ያለ ዓርማ መጠቀምን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ልሙጡ፣ ኮከብ ያለበትና አንበሳ ያለበት ሰንደቅ፣ ቀለማቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሦስት ወገን መለያ ሆኑ።

ለዚህ ክርክር ቤተ ክርስቲያን በትምህርቷ አንድ መሣሪያ አላት። ስግደትን በሁለት ትከፍለዋለች፤ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርብ ሲሆን፣ የአክብሮት ስግደት ደግሞ ለመስቀልና ለቅዱሳን ሥዕል፣ ስለሚወክሉት ሲባል የሚሰጥ ነው። ሰንደቅ ዓላማ የሚገባው ከሁለተኛው በታች ያለ፣ ሰዎች በመስማማት ያቆሙት ክብር ነው፤ ስለዚህ ዓርማን መለወጥ ድፍረት እንጂ ክህደት አይደለም፣ የሚፈረደውም በሕግ እንጂ በሃይማኖት አይደለም። በንግሥ ዕለት ልሙጡን ጨርቅ በቅጥር ላይ የሚያስረው ምእመን የሚያከብረው ኪዳኑን ከሆነ፣ ያ ኪዳን ኮከብ ያለበትን የያዘውን ጎረቤቱን፣ በግዳን ገበያ አብሮት የሚውለውን ሙስሊም፣ ከመረብ ማዶ ያለውን ኤርትራዊም ጭምር የሚያቅፍ ነው፤ የሚያከብረው ወገኑን ከሆነ ግን የኖኅን ስም መጥራት አይገባውም። በላሊበላ ቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉት መስኮቶች የተለያየ ዓይነት መስቀል አላቸው፤ አንዱ አራት ክንዱ እኩል ነው፣ ሌላው እግሩ የረዘመ፣ ሌላው ጫፎቹ የታጠፉ ነው። የእነዚህ ቅርጾች አምሳያ በሩቅ አገር አብያተ ክርስቲያናትም ይገኛል፤ ጠራቢዎቹም ከሌላው ለመለየት ሲሉ አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም፣ ሁሉንም በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን አኖሩት።