ለአባትህ የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ

ልጄ፣ በአባትህ አርባ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ የተባልከው አንተ መሆንህን ሰማሁ። ደግ አድርገዋል፤ ከልጆቹ ጽሑፍ የሚሆንልህ አንተ ነህ። ብዕር ሳታነሳ ግን ስማኝ። እኔ እስላም፣ እናንተ ክርስቲያን፤ ቅሬያችን አንድ ነው፣ እዚህ ሐይቅ ላይ ስንቱን አብረን ቀብረናል። ሲነበብ የሰማሁት ሁሉ የአንድ ሰው ታሪክ ይመስለኛል፤ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም ሰው አክባሪ። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ያሉት ወደው አይደለም። የአባትህን አንገት አታስረዝምበት፤ ልኩ ይበቃዋል።

ደግሞ ከጎረቤት ወረቀት ገልብጠህ «በወሎ ክፍለ ሀገር ተወለዱ» እንዳትል። አባትህ ውጫሌ አጠገብ ሲወለድ አገሩ ጠቅላይ ግዛት ነበር የሚባለው፤ ክፍለ ሀገር ያለው ደርግ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ በትንሹ የሳተን ወረቀት ግን በትልቁ ማን ያምነዋል?

ዘመዶችህ የካራማራን ጦርነት አብዛ ይሉሃል። እውነት ነው፣ ነበረበት። በ1969 ታጠቅ ጦር ሠፈር ገብቶ፣ 300,000 ነው ከሚባለው ሚሊሻ ጋር ሠለጠነ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ሲወር ወደ ምሥራቅ ተጫነ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ስትመለስም እዚያው ነበር። ይህን ጻፈው። ነገር ግን ስለዚያ ሲጠየቅ ምን ይል እንደነበር አንተም ታውቃለህ፤ «ውኃ ጥም ነበር» ይልና ዝም። አብረዋቸው ስለተዋጉት ኩባዎች ሲያወራ ብቻ ይስቅ ነበር። ጀብዱ አልነገረንም፤ እሱ ያልነገረንን አንተ አትፍጠርለት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ አባትህ ግን ወግቷልም፣ ተወግቷልም፤ አንዱንም አልረሳም። ዝምታው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ሒሳብ እናድርግ። ጦርነቱ የወሰደበት አንድ ዓመት ከምናምን ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የወሰደበት ግን ጉልበቱን ነው። የ1977ቱ ድርቅ በሬዎቹን ፈጀበት፤ ፋብሪካው በ1970ዎቹ ማብቂያ ሥራ ሲጀምር ደመወዝ ፍለጋ ወረደ። ሽመና ክፍል ገባ። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮኽ ሰው የሚግባባው በእጁና በከንፈሩ ነው። አባትህ ቤት ውስጥ ይጮኽባችሁ የነበረው ቁጡ ሆኖ መስሎህ ከነበረ፣ አይደለም፤ ጆሮው ነው። የጥጡ ብናኝ ደግሞ ደረቱ ላይ እንደቀረ ሳሉን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ይህንን የሚያነብልህ ሰው የአባትህን ሳል አስታውሶ ድምፁ ቢሰበር እንኳ አታውጣው። ለካራማራ በየዓመቱ በዓል አለ። ለሌሊት ፈረቃ ማን ያከብርለታል? ወረቀትህን ዕድሜው በተከፈለበት ልክ ክፈለው፤ ለጦርነቱ አንድ አንቀጽ፣ ለፋብሪካው ሦስት ይገባዋል።

የማታውቀውን ከየት አመጣለሁ ካልክ፣ ኮምቦልቻ ውረድ። አብረውት ጡረታ የወጡ ጥቂት ሰዎች አሁንም አሉ። የተበጠሰ ክር ለቀጣዩ ፈረቃ ትቶ ይሄድ እንደነበር ወይም እንዳልነበር እነሱ ይነግሩሃል፤ ሰው ማለት እዚያ ላይ ነው የሚታወቀው። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ነው ተረቱ፤ አባቱ አልፏል፣ የጓደኞቹ ጀምበርም ብዙ አልቀራትም።

«ቤተሰባቸውን የሚወዱ ነበሩ» ብለህ ደግሞ አትለፍ። እሱ ኮምቦልቻ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር እናንተ እዚህ ነበራችሁ። ሲያርፍ ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ይመጣል፤ ሳትጠግቡት ይመለሳል። ገንዘቡን የላከ እሱ ነው፣ ያሳደገቻችሁ ግን እናትህ ናት። ይህን ካልጻፍክ ዋሸህ።

የ2014ቱን ነገር እንዳትዘለው። በጥቅምቱ ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ ድሮ ጦርነት ፍለጋ አገር አቋርጦ የሄደ ሰው በሽምግልናው ጦርነቱ ደጃፉ መጣበት። ልጆቹን አሽሽቶ እሱ ግን ከቤቱ አልወጣም። ስለ ተኩሱ አንድ ቃል አልወጣውም። ኅዳር መጨረሻ መንገድ ሲከፈት ግን የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መዘረፋቸውን ሰማ፤ ያን ቀን አለቀሰ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም»። ሌላ ስለ ሥራው ፍቅር የምትደረድረው ቃል አያስፈልግህም፤ እንዳለቀሰ ጻፍና እለፍ።

ፎቶም ይለጠፋል አሉ። የወታደር ልብስ የለበሰበትን ሁሉም ይመርጥልሃል፤ የፋብሪካው መታወቂያ ላይ ያለችውን ትንሿን ፈልገህ አጉልተህ አሳትም። ጽፈህ ስትጨርስ መጀመሪያ ለእናትህ አንብብላት። አውጣ ያለችህን አውጣ፣ ጨምር ያለችህን ጨምር፤ አትከራከራት። ለአርባው ከኮምቦልቻ የሚመጡት ሽማግሌዎች ማታ መኪና ስለማያገኙ ማደሪያ አስብላቸው፤ ሁለቱን እኔ ቤት አሳድራለሁ። ለኛ ለእስላሞቹ የሚታረደውን በግ ደግሞ በጊዜ ግዙ፤ በአርባው ዋዜማ የሐይቅ ገበያ በግ እሳት ነው።