የልብ ምርመራ የማይመልሰው ጥያቄ

በምርመራ ሁሉ ደህና ነህ የተባለ፣ ግን ልቤ አሁን ይቆማል ብሎ የሚሰጋ ሰው ማሰብ ተስኖታል? በዙሪያው ያሉት እንዲያ ይፈርዱበታል። «ሐኪሙ ምንም የለብህም ብሎሃል፤ ተወው እንጂ!» ይሉታል። ምክሩ ቅን ነው፤ ክርክሩን ግን አይነካውም። የሰውዬው ሐሳብ ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦ ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ አንድ ቀን ይቆማል፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም። ከሦስቱ አንዱንም ሐሰት ማለት አይቻልም። ስሕተት ካለ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

እኔ ስሕተቱን የማገኘው ሰውዬው ማስረጃ በሚሰበስብበት መንገድ ላይ ነው። ጉበትና ኩላሊት ብንፈራላቸውም ባንፈራላቸውም ድምፅ አያሰሙም። ልብ ግን ለፍርሃት ወዲያው ይመልሳል። ሰውዬው ማታ በግራ ጎኑ ተኝቶ ምቱን ያዳምጣል፤ አንዱ ጠንከር ብሎ ይሰማዋል፤ «ይኸው!» ይላል፤ በድንጋጤው አድሬናሊን በደሙ ይሰራጫል፤ ልቡ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱም ለጥርጣሬው ማረጋገጫ ሆኖ ይቆጠራል። ከሳሹ ራሱ ያስጠናው ምስክር የቆመበት ችሎት ነው። «ልቤ ቀጥ አለብኝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ አይደለም፦ አንድ ምት ጊዜውን ቀድሞ ይመጣል፣ ትንሽ ፋታ ይከተለዋል፣ በፋታው ልብ ውስጥ ብዙ ደም ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ይበረታል። ለ24 ሰዓት የልብ ምት የሚመዘግበው መሣሪያ በጤነኞች ላይ ሲታሰር እንዲህ ያሉ ምቶች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ሰዎች ግን ልብ አይሏቸውም። (ጫት የቃመ ወይም እስከ በረካ ቡናውን የጠጣ ሰው ልቡ ቢፈጥን ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም።)

ፍርሃቱ ምት ከሚቆጥረው የእጅ ሰዓት ጋር የተወለደ አይደለም፤ ሰዓቱ ቢያባብሰውም። በ1871 እ.ኤ.አ. የፊላደልፊያው ሐኪም ጃኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ያያቸውን ከ300 በላይ ወታደሮች የሚመለከት ጥናት አሳተመ። ልባቸው ይደልቃል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የብዙዎቹ ልብ ሲመረመር ግን ይህን ሁሉ የሚያስከትል ጉዳት አይታይበትም። ዳ ኮስታ የዘመቻው ድካምና ትኩሳቱ ልባቸውን አስቆጥቶት ነው ብሎ አሰበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ጦር በተመሳሳይ ሕመምተኞች ተጥለቀለቀ። ቶማስ ሉዊስ የተባለው የልብ ሐኪም አልጋ ላይ ከማቆየት ይልቅ ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዘላቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው የልብ ሐኪም ፖል ዉድ ነገሩን ገለጠው፦ የሚታመመው ልብ አይደለም፤ የፍርሃት ምልክቶች የልብ በሽታ ተደርገው እየተተረጎሙ ነው። ይህን እምነት ከሚያጸኑት መካከልም ሐኪሞች ራሳቸው አሉበት።

በዚህ ታሪክ የሚያስገርመኝ አልጋው ነው። «ለልብህ ሲባል ተኛ» የተባለ ወታደር ምን ብሎ ይደምድም? የተኛበት ሳምንት በረዘመ ቁጥር ልቡ ለመሰበር የተቃረበ መሆኑን ያምናል፤ ሰውነቱም ከመተኛት ብዛት ስለሚዝል ሲነሣ ልቡ የባሰ ይደልቃል። ዛሬም ሰው ይህን ትእዛዝ ለራሱ ያወጣል፦ ደረጃ አይወጣም፣ ብቻውን አያድርም፣ ልቡ ሲመታ ግድግዳ ይደገፋል ወይም ይቀመጣል። ፖል ሳልኮቭስኪስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ያለውን የአስተሳሰብ ወጥመድ በደንብ አሳይቷል። ሰውዬው እንዲህ ይላል፦ «ተቀመጥኩ፤ አልሞትኩም፤ ስለዚህ መቀመጤ አዳነኝ።» ባይቀመጥም አይሞትም ነበር፤ ግን ይህን የሚያውቅበት አጋጣሚ ፈጽሞ አያገኝም። መቶ ጊዜ ቢተርፍ መቶ ጊዜ ለጥቂት እንዳመለጠ እንጂ መቶ ጊዜ እንደተሳሳተ አይቆጥረውም። ከዚህ የሚያወጣው ተጨማሪ ክርክር አይመስለኝም። ልቡ እየደለቀ ቆሞ መቆየት፣ ደረጃውን መውጣትና የሚሆነውን ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። «የእውነት ታምሜ ቢሆንስ?» በእኛ አገር በልጅነት በተደጋጋሚ ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ገና ወጣቶች የሆኑ ሰዎችን የልብ በር ያበላሻል። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜ ልብ አያምም» የሚለው የጎረቤት ማጽናኛ ሐሰት ነው። ሲንቀሳቀሱ ደረትን አጥብቆ ይዞ ሲያርፉ የሚለቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት ካለ ነገሩ የሐኪም እንጂ የፈላስፋ አይደለም። ፈሪ ሰውም ይታመማል።

ስለዚህ መመርመር ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ በመጀመሪያውና በሚደጋገመው ምርመራ መካከል ነው። የመጀመሪያዎቹ የልብ ምርመራዎች፣ ኢሲጂና ኢኮ፣ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልስም ይሰጣሉ። አዲስ ምልክት ሳይኖር የሚደረገው አምስተኛው ግን የሚፈለገው ለእፎይታው ነው፤ እፎይታውም ብዙ አይቆይም። ምክንያቱም ሰውዬው የሚጠይቀው «ልቤ ጤነኛ ነው?» ብሎ አይደለም፤ «ነገም እንደማይቆም ማን ዋስ ይሆነኛል?» ነው። ትናንት የታየ ኢኮ ስለ ነገ ዋስ አይሆንም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እስካሁን የሆነው ነገም ይሆናል የምንለው ከልማድ እንጂ ከማስረጃ አይደለም ብሎ ከተከራከረ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለ ጭንቀቱ ሰው ሂዩምን ሳያነብ ደርሶበታል፤ ግን ለልቡ ብቻ! ከመገናኛ የሚሳፈርበትን ሚኒባስ ፍሬን መርምሮ አያውቅም። «ፍሬኑ ምልክት አላሳየኝም፤ ልቤ ግን ያሳየኛል» ይል ይሆናል። ምልክቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ከላይ አይተናል።

ሌላ የማስረጃ ጉድለትም አለ፤ እሱ የሚሠራው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ «ትናንት ሰላም ብሎኝ ነበር እኮ፣ ምንም አላለም፣ ልቡ ነው አሉ» ይባላል። ሰሚው እጁን ሳያውቀው ደረቱ ላይ ያሳርፋል። ትናንት ሰላም ብለው ዛሬም ሰላም ላሉት ድንኳን የሚተክል የለም።

«ለእግዚአብሔር ተወው» የሚለው ምክር ከዚህ ሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ በእውነት የተወ ሰው ያርፍበታልም። ግን ጸሎቱ ራሱ «ሰምቶኝ ይሆን?» እየተባለ የሚደጋገም ከሆነ የእጅ አንጓ ላይ ጣት አሳርፎ ምት ከመቁጠር ምን ለየው? መቁጠርም ልብን ከማፍጠን በቀር የሚያደርግለት የለም፤ ሊቆም ያለን ልብ አያቆየውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሚስት ወይም የእናት ድርሻ ነው። «ፊቴ ጠቁሯል ወይ?» ሲላት «ኧረ ደህና ነህ» ማለት ፍቅር ነው፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ሲሆን ግን ያው አምስተኛው ኢኮ ነው። መልሱን መከልከል ጭካኔ ይመስላታል። ሁለቱም በሰላሙ ሰዓት ተቀምጠው «ከእንግዲህ ይህን ስትጠይቀኝ አልመልስልህም፤ አብሬህ ግን እቆያለሁ» ብለው ከተስማሙበት ግን ክልከላው የሱም ውሳኔ ይሆናል።